እጅ የሚያሸንፍበት ጫካ

ርጥብ የዛፍ ሥር ላይ ፍሬን የያዘ ብስክሌተኛ ይወድቃል። በጫካ ውስጥ የሚወዳደሩ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ማወቁ ቀላል ነው፤ እጅ ግን በቀላሉ አይታዘዝም። ልብ ከደረት ሊወጣ እየመታ፣ ዓይን ላብ ገብቶበት፣ ከፊት ድንጋያማ ቁልቁለት ሲመጣ ጣት በራሱ ጊዜ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የዚህ ስፖርት ታላላቆች ያቺን ጣት መግራት የቻሉት ናቸው።

እኛ አገር አቋራጭ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን ቀነኒሳ በቀለ ነው፤ ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ጠራርጎ የወሰደበት ጭቃና ሣር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተራራ ብስክሌት አገር አቋራጭም እንደዚያው ሳንባና እግር የሚፈትን ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በደረጃቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ዙር እየደጋገሙ ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፋለማሉ። መነሻው ሰፊ ስለሆነ ሁሉም እንደ ልቡ ይሮጣል። ጥቂት ከተሄደ በኋላ ግን መንገዱ ጠብቦ አንድ ብስክሌት ብቻ ወደሚያሳልፍ ቀጭን የጫካ መንገድ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ውድድሩ መልኩን ይለውጣል። የእግር ጉልበት ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያንን ጉልበት ሳያባክኑ በድንጋይና በሥር መካከል ይዘውት የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው። እኔ ይህን ውድድር የምወድደው ለእነዚህ ጥቂቶች የእጅ ሥራ ብዬ ነው።

የእጅ ሥራውን በደንብ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ በቼክ ሪፐብሊክ፣ ቪሶቺና በሚባለው ደጋማ ምድር የምትገኘው ኖቬ ምዬስቶ ና ሞራቭዬ ናት። ትንሽ ከተማ ናት። በብርዱ ወራት በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በጠመንጃ ዒላማ የሚመቱ ስፖርተኞች ስታዲየሟን ይሞሉታል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የተራራ ብስክሌት የዓለም ዋንጫ ይካሄድባታል፤ በ2016 የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ እዚያ ነበር። ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ጫካ ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ የበዛበት ነው። ስፕሩስ ሥሩን ወደ ጥልቅ አይሰድም፤ ከአፈሩ በታች ጥቂት ወርዶ ወደ ጎን ይዘረጋል። እግርና ጎማ አፈሩን ሲጠርገው ሥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ከስር ያለው እንጨት እየተሻሸ ይለሰልሳል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይሙለጨለጫል። አንዱ ሥር ከሌላው ጋር ተጠላልፎ ቁልቁለቱን ሙሉ ይሸፍነዋል፤ በመካከላቸው እዚህም እዚያም የእጅ መዳፍ የምታክል አፈር ትታያለች።

ከመንገዱ ጋር አግድም የተጋደመ ሥር ብዙም አያስፈራም፤ ጎማው ይወጣበትና ይወርዳል። ጠላቱ ሰያፍ የተጋደመው ነው። የፊት ጎማ ሰያፍ ሥር ሲነካ ሥሩን ተከትሎ ወደ ጎን መሄድ ይፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ጋላቢው ፍሬን ከያዘ ወይም መሪውን ካጠመዘዘ ጎማው ያመልጠዋል። ስለዚህ ብልሃቱ ሥሩ ጋ ሲደርሱ ምንም ላለማድረግ መቻል ነው። ምንም ላለማድረግ ግን ቀድሞ ብዙ መሥራት ያስፈልጋል።

አንድ ጎበዝ ጋላቢ ወደ እንዲህ ያለው ቦታ ሲገባ የሚያሳይ ምስል አዘግይቶ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ፍሬኑን የሚይዘው ከሥሮቹ ሦስት አራት ሜትር ቀድሞ፣ አፈሩ ጠንከር ባለበት ቦታ ነው። የሚፈልገውን ያህል ፍጥነት ከቀነሰ በኋላ ጣቱን ይለቃል። ጎማው በነፃነት ሲዞር መሬቱን ይይዛል፤ ሲታሰር ይንሸራተታል። ከዚያ ክርኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ደረቱ ዝቅ ይላል፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይቆማሉ፣ ተረከዞቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ሥር ጋ ሲደርስ መሪውን አይታገለውም፤ ለአንድ አፍታ ክብደቱን ከእጁ ላይ ያነሳል፤ የፊቱም ጎማ ሥሩን ሳይጫነው ያልፋል። ክብደቱ ወደ ፊት ሲመለስ የኋለኛው ጎማ በተራው ቀሎ ይሻገራል። መታጠፍ ካለበት የሚታጠፈው በሁለት ሥሮች መካከል ባለችው በዚያች የመዳፍ ያህል አፈር ላይ ነው። እዚያች ላይ ብስክሌቱን በአንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ያዞራል፤ ቀጣዩ ሥር ሲመጣ እንደገና ቀጥ ብሏል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ዓይኑ ግን ይህን ሁሉ ከሚሠራው ከእጁ ቀድሞ ሄዷል፤ የሚያየው ከታች ያለውን መውጫ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የራስ ቅሉ ዝም ማለት ነው። ብስክሌቱ ከበታቹ ይዘልላል፣ ይወዛወዛል፣ ክንዶቹና ጉልበቶቹ ያለማቋረጥ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ ራሱ ግን ቀጥ ባለ መስመር ይወርዳል። ውሃ የሞላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ድንጋያማ ቁልቁለት የምትወርድ ሴት እግሯ በየድንጋዩ ሲረግጥ ውሃው እንደማይፈስባት ማለት ነው። ይህ በልጅነት ተጀምሮ በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ከሱቅ ሊገዛው አይችልም።

ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም። አንድ ጋላቢ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከሌላው ግማሽ ሰከንድ ቢያተርፍና በዙር ሃያ እንዲህ ያሉ መታጠፊያዎች ቢኖሩ፣ በሰባት ዙር 70 ሰከንድ ይሆናል። የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቁት በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ቁልቁለቱን በፍሬን የወረደ ሰው የሚቀጥለውን ዳገት የሚጀምረው ከቆመበት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያጣውን ፍጥነት ከእግሩ መልሶ ይከፍለዋል። ፍሬን ያልያዘው የዳገቱን ግማሽ በነፃ ይወጣዋል። በመጨረሻው ዙር ላይ አንዱ ጉልበት ተርፎት ሌላው ሲዝል ተመልካቹ «ጠንካራ ነው» ይላል። የተረፈው ጉልበት ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ቁልቁለቱን አጥብቆ የተመለከተ ነው።

በዚህ ጥበብ ከስዊዘርላንዱ ኒኖ ሹርተር የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ 36 የዓለም ዋንጫ ውድድሮችን አሸንፏል፤ በኦሎምፒክ በ2008 ነሐስ፣ በ2012 ብር፣ በ2016 ወርቅ አግኝቷል። በ2025 መስከረም ላይ በአገሩ ሌንዘርሃይደ ውድድሩን ተሰናብቷል። ቁጥሮቹ ትልቅ ናቸው፤ እኔን የሚስበኝ ግን ልምምዱ ነው። ሹርተር ሰውነቱን እስኪዝል ካደከመ በኋላ በሚወዛወዝ ነገር ላይ ቆሞ ኳሶች እያቀባበለ ሚዛኑን ሲለማመድ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። መጀመሪያ ያየ ሰው የሰርከስ ትርዒት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ብርቱ አስተሳሰብ አለበት። ያረፈ ሰው ሁሉ ሚዛን ይጠብቃል፤ ውድድር ውስጥ እጅ ትክክለኛውን ነገር መሥራት ያለበት እግር በተቃጠለበትና ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት ነው። ሹርተር የተለማመደው ያንን ሰዓት ነበር።

ከጋላቢው ጀርባ የመካኒኩ እጅ አለ። ጎማው ውስጥ የሚገባው አየር ከሚታሰበው በታች ነው፤ በርጥብ ጫካ 1.3 ባር ገደማ። የቤት መኪና ጎማ እንኳ ከ2 ባር በላይ ይይዛል። አየሩ ሲያንስ ጎማው ለስለስ ብሎ የሥሩን ቅርጽ ይይዛል፤ ከልክ በላይ ሲያንስ ግን ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ቸርኬው ድረስ ይመታል። በዚህና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው፤ ሌሊት ዝናብ ከጣለ ጠዋት ላይ ተመልሶ ይለካል። የውስጥ ጎማ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ በምትኩ ትንሽ ቀዳዳ ሲገጥመው የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርበታል። መሪው ላይ ያለ ማንሻ በአውራ ጣት ጫን ሲደረግ ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ዝቅ ይላል፣ ዳገት ላይ ተመልሶ ይነሳል። የመንኮራኩሩ ልክ ራሱ ብዙ አከራክሯል። ለዓመታት አብዛኛው በ26 ኢንች ሲጋልብ ቆይቶ፣ በ2012 ደቡብ አፍሪካ ፒተርማሪትዝበርግ ላይ ሹርተር በ27.5 ኢንች መንኮራኩር የዓለም ዋንጫ አሸነፈ። በኋላ እርሱን ጨምሮ አብዛኛው ወደ 29 ኢንች ሄደ፤ ትልቅ መንኮራኩር ሥርና ድንጋይን በቀላሉ ይሻገራልና።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሦስተኛ እጅ ደግሞ አለ፤ መንገዱን የሠራው ሰው። በጫካ ውስጥ ያለ መንገድ ዛፍ ተቆርጦ የተጠረገ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ጠላት ውሃ ነው። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ጎን በጥቂቱ ካላዘነበለ ዝናቡ በመካከሉ ይወርድና ቦይ ያወጣበታል፤ በሁለት ክረምት መንገድ መሆኑ ይቀራል። ድንጋይ ሲቀመጥ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ላዩን የተቀመጠ ድንጋይ መቶ ጎማ ሲያልፍበት ይነቃነቃል፣ የተነቃነቀ ድንጋይ ሰው ይጥላል። ኩርባ ላይ የውጪው ጠርዝ ከፍ ይደረጋል፤ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ጋላቢው በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ነው። አስፈሪ በሆነ ቦታ ሁሉ ጎኑ ላይ ሌላ ቀለል ያለ መንገድ ይሠራል፤ ይኸኛው ረዘም ስለሚል የመረጠው ሰው ጥቂት ሰከንድ ይከፍላል። ጥሩ ሠሪ ይህንን ዋጋ በትክክል ይተምነዋል። ቀላሉ መንገድ በጣም ከረዘመ ማንም አይመርጠውም፤ በጣም ካጠረ ደግሞ ከባዱን የሚደፍር አይኖርም። ሰው ሲደክም ምርጫው እንዲከብደው ማድረግ ነው ጥበቡ።

የሪዮን፣ የቶኪዮንና የፓሪስን የኦሎምፒክ መንገዶች የነደፈው ደቡብ አፍሪካዊው ኒክ ፍሎሮስ ነው። ሦስት ኦሎምፒክ፣ ሦስት አህጉር፣ አንድ አፍሪካዊ እጅ። ይህን የሚያህል ሥራ በእኛ ዘንድ ብዙም ሳይነገር ማለፉ ያሳዝነኛል።

ከሦስቱ እኔ የማስበልጠው የቶኪዮውን፣ ማለትም ኢዙ ላይ የተሠራውን ነው። የሴቶቹ ውድድር የተካሄደው በ27 ሐምሌ 2021 ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር አፈሩ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። በመጀመሪያው ዙር የስዊዘርላንዷ ዮላንዳ ኔፍና የፈረንሳይዋ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ ከፊት ሆነው ሲፎካከሩ ድንጋያማ ቦታ ላይ ፌራን ፕሬቮ ተንሸራተተች። ኔፍ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማንም አላገኛትም። ከዚያ ውድድር 6 ሳምንት ገደማ በፊት የእጇ አጥንት ተሰብሮ ነበር። የእጅ ሥራ በሚያሸንፍበት ስፖርት ገና የዳነ እጅ ይዞ በዚያ ጭቃ ላይ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስትወርድ ግን መሪውን የሙጥኝ ብላ አልያዘችም፤ ብስክሌቱ ከስሯ እንዲንሸራተት እየፈቀደች፣ በየጭቃው ሲያመልጥ በወገቧ እየመለሰችው ወረደች። ጭቃ ላይ የሚደነግጥ ሰው ይጨብጣል፣ የጨበጠም ይወድቃል። ኔፍ ያሸነፈችው በ71 ሰከንድ ልዩነት ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም ሲና ፍራይና ሊንዳ ኢንደርጋንድ የአገሯ ልጆች ናቸው። ፌራን ፕሬቮም ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ኦሎምፒክ በ3 ደቂቃ ገደማ ልዩነት ወርቁን ወሰደች።

የፓሪሱ መንገድ የተሠራው ኤላንኩር በሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ቀድሞ ድንጋይ ይወጣበት የነበረና በኋላ የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ኮረብታ ነው፤ ከፍታው 231 ሜትር፣ በዚያ ክልል ከሁሉ ከፍ ያለው። ላዩ ጠጠር ስለለበሰ ብዙ ጋላቢዎች ቅር ተሰኝተዋል፤ እኔም ሥር የሌለበት መንገድ ኖቬ ምዬስቶን ላየ ሰው ይጎድለዋል ባይ ነኝ። ነገር ግን ከመጨረሻው በፊት ዛፎች መሃል የምትገባው ቁራጭ መንገድ በጥበብ የተሠራች ነበረች። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ በአንድ ዛፍ ግራና ቀኝ ለሁለት ይከፈልና ወዲያው ይገናኛል።

በ29 ሐምሌ 2024 የእንግሊዙ ቶም ፒድኮክ የቶኪዮ ወርቁን ሊያስጠብቅ መጣ። በውድድሩ አጋማሽ የፊት ጎማው ተነፈሰ፤ መንኮራኩር እስኪቀየርለት ከ30 ሰከንድ በላይ አጥቶ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ አንድ በአንድ እያለፈ ተመለሰ። ይህን መመለስ ብዙዎች የእግር ተአምር አድርገው ተርከውታል፤ እግሩ ባይኖር አይሆንም ነበር። ነገር ግን በየቁልቁለቱ ከፊቱ ወዳሉት እየቀረበ እንደሄደ ያየ ሰው ግማሹን የሠራው እጁ እንደሆነ ይመሰክራል። በመጨረሻው ዙር የአገሬው ልጅ ቪክቶር ኮሬትስኪ መሪነቱን ነጠቀው። ሕዝቡ ጮኸ። ወደ ዛፎቹ ሲገቡ ኮሬትስኪ በዛፉ አንድ ጎን ገባ፤ ፒድኮክ በሌላው። መንገዶቹ ሲገናኙ ሁለቱ ተነካኩ፤ ኮሬትስኪ ፍጥነቱን አጣ፤ ፒድኮክ አለፈ። ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ 9 ሰከንድ ነበር። አንዳንድ ተመልካቾች በፉጨት ተቃወሙት።

እኔ ፒድኮክ ትክክል ነበር እላለሁ። በዚያ ፍጥነት፣ ከ80 ደቂቃ ፍልሚያ በኋላ፣ ከፊቱ ያለው ሰው የትኛውን ጎን እንደሚይዝ አይቶ ሌላውን ለመምረጥ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙ አይበልጥም። መርጦም ፍሬን ሳይነካ መግባት አለበት፤ ለአንድ አፍታ ቢያመነታ መንገዶቹ ሲገናኙ ከኮሬትስኪ ኋላ ይሆን ነበር። ያቺን ክፍተት ሠሪው አስቀመጣት፤ ጋላቢው አገኛት። ሁለት የእጅ ሥራዎች በአንድ ዛፍ ግርጌ ተገናኙ።

በዚያው ውድድር ሦስተኛ የወጣው ደቡብ አፍሪካዊው አላን ሃዘርሊ ነበር፤ ከአሸናፊው 11 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። በዚሁ ዓመት አንዶራ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2025 ስዊዘርላንድ ላይ ደገመው። ሃዘርሊ የሚጋልበው በጩኸት አይደለም። አደገኛ ቦታ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ የዘገየ ይመስላል፤ ሰዓቱን ስታዩ ግን ፈጥኗል። የሥራ ጥራት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ግርግር የበዛበት ጋላቢ ስሕተቱን እያረመ ነው፣ ዝም ያለው የሚያርመው የለውም።

ይህ ውድድር በቴሌቪዥን ሲያጋጥማችሁ ማን እንደሚመራ ለማወቅ አትቸኩሉ። ሥር ወይም ድንጋይ የበዛበትን አንድ ቦታ ምረጡና ካሜራው በየዙሩ እዚያ ሲመለስ ያንኑ ጋላቢ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ጎበዝ ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዙር የፊት ጎማው አሁንም በዚያችው የመዳፍ ያህል አፈር ላይ የሚያርፍ ካገኛችሁ እርሱን ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ መድረኩ ላይ ታገኙታላችሁ።